በእርሳስ የተጻፈች የእህት ልጅ

ዲላ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሄርሜላ፤

እንዴት ነሽልኝ? አቧራው፣ ሙቀቱ፣ የጤና ጣቢያው ሥራ እንዴት ይዞሻል? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ ወገቤ ደግሞ የልብስ ስፌት መኪናዬ ታላቅ ወንድም ነው፣ ሁለቱም አብረው ይንቋቋሉ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅር በይኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አሥር ቀን ሆነው፤ ነገር ግን መላኩ አይሱዙውን ይዞ ወደ ሞያሌ የሚወርደው ገና ዛሬ ነው። ያለሽበት ቦታ ስልክ ቢሠራ ይሄን ሁሉ ጉድ በአፌ ነበር የማወራሽ። ምን ይደረግ፣ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት እንጫወት።

ስለ አሰፋች የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ ቤት አግኝታለች! ቆይ፣ እልል አትበይ፤ መጀመሪያ ቁጭ በይ።

አንቺ ወደ ሜጋ ስትሄጂ አሰፋች በእፎይታ መጠለያ አምስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ኮቸሬ ላይ ናዳ ቤቷንና ባሏን ወስዶባት፣ ሁለት ልጆች ይዛ መናኸሪያ ጥግ ያገኘናት ዕለት የእግሯን ቁስል ያሰርሽላት አንቺው ነሽ፤ የዛሬዋን አሰፋች ብታያት አታውቂያትም። የመጠለያው ልዑልሰገድ ከቢሮ ቢሮ ተመላልሶ መታወቂያ አወጣላት። ትልቋ ልጇ ፍሬ ሁለተኛ ክፍል ገባች። እኔ ደግሞ የዩኒፎርም ስፌት አስተማርኳት፤ አሁን ኮሌታ ላይ እኔን ትበልጠኛለች፣ እንዳትነግሪያት። የቀረው ቤት ብቻ ነበር። መጠለያው የሚያኖረው ስድስት ወር ነው፤ ክፍሏን መንታ የታቀፈች ሌላ እናት ትጠብቃለች።

አራት አከራይ መለሰን። ልዑልሰገድን ታውቂው የለ፣ አይዋሽም። "ከየት ነው የመጣችው?" ሲሉት "ከመጠለያ" ይላል፤ ባዶ የነበረው ክፍል እዚያው ቆመን ሳለን የተያዘ ይሆናል።

አምስተኛዋ ከገበያው ጀርባ የሚኖሩት እትዬ ጽጌማርያም ናቸው። የማዘጋጃ ቤት ታይፒስት የነበሩ ጡረተኛ፤ ግቢያቸው የተጠረገ፣ ዓይናቸው መርፌ። ጥያቄያቸው ደግሞ ሌላ ነው። "ከየት መጣች?" አይሉም። "ወገን አላት? የሚጠይቃት ሰው አለ?" ነው የሚሉት። ለካ የፊተኛው ተከራያቸው ብቸኛ ሽማግሌ ኖሮ ክፍሉ ውስጥ ሲሞት የሚቀብረው ዘመድ ጠፍቶ፣ እሳቸው ናቸው ከፍነው ያስቀበሩት። ከዚያ ወዲህ ወገን ለሌለው ሰው በሬን አልከፍትም ብለው ምለዋል።

በዚህ መሐል፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ዘመዶቿ ነን ተባለ።

እኔ ታላቅ እህቷ ሆንኩ። "ጎንደሬ ትመስያለሽ፣ እሷ ጌዴኦ ናት፤ እንዴት ነው ነገሩ?" አሉ። "በእናት ነው፤ አባቴ ፍስሐ ገነት ከተማ አስተማሪ ነበር" አልኩ። አባቴ እንኳ እውነትም እዚያ አስተምሯል፤ የቀረውን እግዜር ይቅር ይበለኝ። ቀጥሎ ዓይናቸው አብሮን በመጣው ሸምሰዲን ላይ አረፈ። እሱ ፍራሽ ተሸክሞ፣ የሰላት ኮፍያውን አድርጎ፣ እንደ ምሰሶ ቆሟል።

"እርስዎስ ምኗ ነዎት?"

ሸምሰዲን ፍራሹን ከትከሻው አወረደ፣ አሰበ፣ አሰበና "የጡት አባቷ ነኝ" አላቸው።

የጡት ልጅነትን ታውቂው የለ? ጣትን ማር ነክሮ፣ አጥብቶ፣ በሽማግሌ ፊት ልጅ ማድረግ። ወደ መንገድ ስንወጣ "ከየት አመጣኸው?" ብዬ ብጠይቀው "ሌላ ዝምድና ኮፍያዬ አልፈቀደልኝም" አለኝ! አንቺም አልቀረሽም። የእኔ ልጅ፣ የአሰፋች የእህት ልጅ፣ ሜጋ ያለሽ ነርስ ነሽ። ነርስነትሽ እንኳ እውነት ነው።

አሰፋች ብቻ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። መሬት መሬት ስታይ ቆየች።

በይ መላኩ ጡሩንባውን እየነፋ ነው።

የአንቺው ሙሉነሽ

ሜጋ አጠገብ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ሙሉነሽ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን በጨርቅ አስረው ነው የሚሠሩት ወይስ አሁንም እንደነገርኩዎ አያደርጉም? ደብዳቤዎን ያነበብኩት መርፌ እየወጋሁ ነው፤ አንድ የግመል ነጋዴ "እኔን እየወጋሽ የምትስቂው ምን አይተሽብኝ ነው?" ብሎ ተቆጣኝ።

በቁራጭ ወረቀት "ለአሰፋች እንደ እህት ልጅ ሆነሽ ጻፊላት" ብለው ለላኩብኝ ጥያቄ መልሱ እሺ ነው። ለእትዬ ጽጌማርያም የሚነበበውን ለብቻው ጽፌ በነጩ ፖስታ አድርጌዋለሁ። አንድም ውሸት ሳላስገባ ለመጻፍ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ስለ ሥራዬ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ፍሬ ትምህርት ጻፍኩ። "አክስቴ" የምትለዋን ቃል ግን ከየትም ማምለጥ አልቻልኩም። እውነቱን ልንገርዎ? ስጽፋት ደስ አለኝ። እኔ ያደግሁት ሕፃናት ማሳደጊያ እንደሆነ ያውቃሉ፤ አክስት ጽፌ አላውቅም።

አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ነው። አንደኛ፣ "ዘመዶቿ ነን ተባለ" ብለው በጎን አልፈዋል። ማን ነው ያለው? ጋሽ ሸምሰዲን ናቸው እንዳልል እሳቸው ፍራሽ ተሸክመው ቆመው ነበር። ልዑልሰገድ አይዋሽም። ታዲያ እዚያ ግቢ ውስጥ ማን ቀረ?

ሁለተኛ፣ አሰፋች ምን አለች? ያን ጊዜ አልተናገረችም፣ እሺ። ከዚያ ወዲህስ? ሰው ዘመድ ሲሰፋለት ልኩን ይጠየቃል፤ እርስዎ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነዎት።

አክስቴን ሳሙልኝ (አስለመድኩት)።

ሄርሜላ

ዲላ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሄርሜላ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ!

የመጀመሪያው ጥያቄሽ ይቆየኝ። አሁን ስለ ፋሲካው ላውራሽ።

አንቺና ጓደኞችሽ ተማሪ ሳላችሁ ያመጣችሁት ደንብ ነው መቼም፤ ከመጠለያ ወጥቶ ቤት የገባ ቤተሰብ የመጀመሪያዎቹን ወራት በተራ ይጠየቃል። ዕቃ የገባበት ቤት ሳይሆን ሰው የገባበት ቤት ነው የሚጸናው ስትሉ እስቅባችሁ ነበር። አሁን በእኛ ላይ መጣ። ሰኞ ሰኞ እኔ ክርና ቁልፍ ይዤ እሄዳለሁ። ረቡዕ ሸምሰዲን ከብረታ ብረት ሱቁ ቀደም ብሎ ወጥቶ አንድ ነገር ሲጠግን ያመሻል፤ ጣሪያ፣ መዝጊያ፣ የእትዬ ጽጌማርያምን የውሃ ቧንቧ ሳይቀር። ቅዳሜ ሌሎቹ። ግቢው ሰው በሰው ሆነ። እትዬ ጽጌማርያም በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ ይመረምሩናል። "ሙሉነሽ፣ የእናታችሁ አባት ማን ነበሩ?" ይሉኛል። የፈጠርኩትን አያት ስም ማታ ማታ እንደ ዳዊት እደግማለሁ።

ፍሬ ልታስገድለን ነበር። "የጡት አያትሽን ምን ብለሽ ነው የምትጠሪያቸው?" ሲሏት "ጋሼ ፍራሽ" አለቻቸው። መጠለያ ውስጥ ለገባ ሁሉ ፍራሽ የሚያመጣ እሱ ስለሆነ ልጆቹ ያወጡለት ስም ነው። "ከልጅነቷ ፍራሹ ላይ ስለምትዘል ነው" አልኩ። እትዬ ጽጌማርያም ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

የፋሲካ ዕለት ግን አፈርኩ ልጄ። ሁላችንን ጠሩን። ሸምሰዲን "ሙስሊም ነኝ፣ ሥጋችሁን አልበላም፣ ሰላምታ ብዬ እመለሳለሁ" ብሎ ነበር የመጣው። ለካ ሴትዮዋ አንድ ዶሮ በሕይወት አስረው አስቀምጠውለታል። "በእጅህ ባርክ፤ ድስቱም ቢላዋውም አዲስ ነው፣ ለብቻው ይሠራል። የልጄ አባት ቤቴ መጥቶ ጦሙን አይወጣም" አሉት። "የልጄ አባት" ነው ያሉት፣ ሰማሽ? አሰፋችን "ልጄ" ማለት ጀምረዋል። ሸምሰዲን ዶሮዋን ይዞ ወደ ጓሮ ሲሄድ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ "ሽንኩርቱ ነው" አለኝ፤ ሽንኩርት ገና አልተላጠም።

አሁን ደግሞ የባሰው መጣ። እትዬ ጽጌማርያም አሰፋችን በሰፈሩ እድር ላስመዝግባት ብለዋል። የፊታችን ሚያዝያ 26 እሑድ ነው ስብሰባው። ደንቡን ታውቂያለሽ፤ ተመዝጋቢ የዘመዶቹን ስም ቆሞ ያስጽፋል፣ ከነዚያ አንዱ ሲሞት እድሩ ድንኳኑን ይዞ ይሄዳል። የእድሩ ዳኛ አቶ ዘነበ ደግሞ ቀልድ አያውቁም። አሰፋች ትናንት ኮሌታ እያጠፈች "እትዬ፣ እዚያ ጋ ምን ልበል?" አለችኝ። "እንደተባለው በይ" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ወደ መርፌዋ ተመለሰች።

ሁለተኛውን ጥያቄሽን መለስኩልሽ አይደል?

ሙሉነሽ

ሜጋ አጠገብ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ሙሉነሽ፤

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይልዎታለሁ፣ ይቅርታ። መላኩ ያደረሰኝ ወረቀት ላይ ያለው "ተጋለጥን፣ ጸልዪልን" ብቻ ነው። እንዲህ ተብሎ ይጻፋል? መላኩን ክንዱን ይዤ ብጠይቀው "እኔ ሹፌር ነኝ፣ ሴቶቹ ፊታቸው ጠቁሯል፣ ሌላ አላውቅም" ይለኛል።

ማን አጋለጠ? ፍሬ ናት? ዳኛው ናቸው? አሰፋችና ልጆቹ የት ናቸው? መጠለያው ክፍሏን ለመንታዎቹ እናት ሰጥቷል፣ ክረምቱ ደግሞ እየመጣ ነው። መቀመጫ ነስቶኛል። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጄ ልምጣ ወይ? እኔም እኮ "አክስቴ" ብዬ ፈርሜያለሁ።

አሁን የመጀመሪያውን ጥያቄዬን ይመልሱልኝ። መልሱን የማውቀው ይመስለኛል። ከእርስዎ አፍ ግን ልስማው።

ሄርሜላ

ዲላ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሄርሜላ፤

እኔ ነኝ። "ዘመዶቿ ነን" ያልኩት እኔ ነኝ። ልዑልሰገድ አፉን ለእውነት ሲከፍት ቀደምኩት። አምስተኛ በር ሲዘጋ ማየት አቃተኝ። ሸምሰዲን የተከተለኝ እኔን ላለማዋረድ ነው። ይኸው ተናገርኩት፤ ወረቀት አያፍርም።

ያጋለጠችን ደግሞ ፍሬ አይደለችም። አሰፋች ራሷ ናት።

አቶ ዘነበ መዝገቡን ገልጠው "የዘመዶችሽን ስም አስመዝግቢ" አሏት። ተነሣች። ያቺ ድምፅ የሌላት ሴት፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት! "የኔ ዘመድ ናዳው ስር ነው ያለው። ባሌ፣ እናቴ፣ ወንድሜ። እነዚህ የመጠለያ ሰው ናቸው። ቤት እንዳላጣ ፈርተውልኝ ነው የዋሹት። እኔ ግን የሞተውን ትቼ ሌላ ስም እድር ፊት አልጠራም" አለች። ተቀመጠች። እትዬ ጽጌማርያም ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ማንንም ሳያዩ ወጥተው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ አሥራ ሦስት ቀን። "ውጪ" አላሏትም። "ግቢ"ም አላሏትም። አሰፋች ዕቃዋን ጠቅልላ፣ የስፌት መኪናዋን በአንሶላ ሸፍና፣ አንድ ቃል ትጠብቃለች። ልጆቹ ጥቅል ላይ ተደግፈው ይበላሉ። ልዑልሰገድ በኔ ላይ የተናገረውን ልንገርሽ፦ "እትዬ ሙሉ፣ እኔ አራት ጊዜ እውነት ተናግሬ የተዘጋብኝ ገና ያልተከፈተ በር ነው። እርስዎ አንድ ጊዜ ዋሽተው የዘጉት ግን ተከፍቶ የነበረውን ነው።"

ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። በሩን አልከፈቱም።

"ማን ልበል?" አሉ ከውስጥ።

"ሙሉነሽ ነኝ።"

"የማን እህት?"

ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ያን ቀን አንድም እጅጌ ቀጥ ብሎ አልተሰፋልኝም።

አሁን ስሚ፤ ይሄን የምጽፍልሽ ገና ከሆነ ሁለት ሰዓት አልሞላውም። ዛሬ ጠዋት እትዬ ጽጌማርያም ከዘራቸውን ይዘው መጠለያው በር ላይ ቆሙ! እኛ ባለንበት ደረቅን። ሰላም አላሉም። "የተኛችበትን አሳዩኝ" አሉ። አሳየናቸው። የመንታዎቹ እናት ከአልጋው ልትነሣ ስትል "ተቀመጪ" አሏት። ከዚያ ልክ እንደ ፖሊስ፦ "ይሄን ፍራሽ ማን አመጣው? መታወቂያዋን ማን አወጣ? መርፌ ማን አስያዛት? ልጅቱን ትምህርት ቤት ማን ወሰዳት?" አንድ በአንድ መለስን። "እግሯንስ ማን አሰረላት?" አሉ። "ሄርሜላ የምትባል፣ አሁን ሜጋ ያለች" አልኩ።

"እሷንስ እናንተ ናችሁ የፈጠራችኋት ወይስ እግዚአብሔር?" አሉኝ።

አልሳቅሁም። የሚሳቅ ፊት አልነበራቸውም። መውጫው ላይ ዘወር ብለው፦ "የሞተው ተከራዬ ሦስት ዓመት ሲኖር አንድ ሰው በሬን አንኳኩቶ አልጠየቀውም። እናንተ ደግሞ በሁለት ወር ውስጥ ደጄን አደከማችሁት" አሉ። "ነገ ከቀትር በኋላ ሁላችሁም ቤቴ ትመጣላችሁ። ሸምሰዲን፣ ሚስትህን ይዘህ።"

ሚስቱን ለምን? ሁላችንም ተያየን። ሸምሰዲን "ሚስቴ ፊት ሊያዋርዱኝ ነው" ብሎ ጭንቅላቱን ይዟል። ሌላ የማውቀው የለም። መላኩ ሞተር አስነሥቷል። ኧረ በምን ሆዴ ልደር!

ሙሉነሽ

ዲላ፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሄርሜላ፤

ወገቤ ደህና ነው፣ ስላልጠየቅሽኝ ነው የምነግርሽ። ከላይ እስከ ታች በትልልቅ ፊደል የጻፍሽውን አንድ ጥያቄ ግን አይቻለሁ። አላስወጧትም። አሁን እልል በይ።

እንግዲህ እሑድ ሄድን። ልዑልሰገድ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ እኔ እንደ ተከሳሽ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬያለሁ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ማሰሮ ማር፣ እዚሁ ዲላ አጠገብ ከጪጩ የመጣ። አጠገቡ አቶ ዘነበና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች። አሰፋች ጥግ ላይ፣ ጥቅሏ እግሯ ሥር።

እትዬ ጽጌማርያም ተነሡ። "እኔ ወገን ለሌለው ሰው አላከራይም ብዬ ምያለሁ፣ መሐላዬንም አላፈርስም። የውሸት ዘመድ ደግሞ ግቢዬ አይገባም። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ። ወይ ይቺ ልጅ ዛሬ ትወጣለች፣ ወይ ያላችሁትን ዛሬ እውነት ታደርጉታላችሁ።" ወደ ሸምሰዲን ዞሩ። "የጡት አባት ነኝ ብለሃል። አባት ብቻውን ጡት አለው? ሚስትህ ትቅረብ።"

የሸምሰዲን ሚስት አሰፋችን በሁለት ዓመት ብትበልጣት ነው! እፍረትና ሳቅ ተናነቃት። ባሏን "አንተ ሰውዬ፣ ልጅ ሳታማክረኝ ትወልዳለህ?" አለችው። ቢሆንም እጅጌዋን ሰበሰበች፣ "ቢስሚላህ" ብላ ጣቷን ማሩ ውስጥ ነከረችና ለአሰፋች አቀረበችላት። አሰፋች ወዲያው አልቀረበችም። እትዬ ጽጌማርያምን አየቻቸው። "እትዬ፣ ሰው አዝኖልኝ ከሆነ ይቅር" አለች። "ሲዋሹልሽ ነበር የሚያዝኑልሽ። አሁን ግዴታ እየገቡ ነው" አሏት። ያን ጊዜ ማሩን ተቀበለች። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ሸምሰዲን ሽንኩርት በሌለበት እንደገና አለቀሰ።

የእኔ ማር አልነበረውም። "አንቺ የጀመርሽው" አሉኝ፤ እንዴት እንዳወቁ አትጠይቂኝ። "እህት ለመሆን ማር አያስፈልግም። ትመጫለሽ። ስትታመም ትመጫለሽ፣ ስትጣሉም ትመጫለሽ፣ ተራ የለም፣ ሰኞ የለም። ያን የፈጠርሽውን አያት ግን ከዚህ ግቢ አውጪልኝ።" አወጣኋቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ባለፈው እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። አሰፋች ቆመች፣ በመጀመሪያ የሞቱትን ሦስቱን ጠራች። ጸሐፊው "የሞተ አይመዘገብም" ሲል አቶ ዘነበ "ጻፍ፤ ስላልተለቀሰላቸው ነው" አሉት። ተጻፉ። ከዚያ የጡት እናት፣ የጡት አባት፣ እህት ሙሉነሽ። ጸሐፊው ደግሞ ብዕሩን አቁሞ "ጌዴኦ፣ ጉራጌ፣ ጎንደሬ... ይሄ ምን ዓይነት ቤተሰብ ነው?" አለ። አቶ ዘነበ መነጽራቸውን አወለቁ። "እድሩስ ምን ዓይነት ነው? አንተ ራስህ ከየት መጣህ?" እንግዲህ እኔ ስሞት የሰፈሬም የአሰፋችም ድንኳን ይመጣል፤ የት እንደሚተከል እናንተ ተከራከሩ።

ጥቅሉ ተፈትቷል። መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው፣ ለመስከረም የሃምሳ ልጆች ዩኒፎርም ተቀብላለች። ረቡዕ ዕለት ከዚያ ግቢ ወጥታ ወደ መጠለያው ስትሄድ አየኋት፤ "ወዴት ነው?" ብላት "ለመንታዎቹ እናት ቁልፍ መትከል ላሳያት ነው" አለችኝና አለፈች።

የቀረሽ አንቺ ነሽ። እትዬ ጽጌማርያም እስካሁን አላመኑብሽም። ከዚህ በታች ራሳቸው ካልጻፍኩ ብለው ወረቀቱን ነጥቀውኛል፤ መነጽራቸውን እየወለወሉ ነው።

እናትሽ ልበል እንዴ? እንግዲህ ተባለ።

ሙሉነሽ

ሄርሜላ ለተባልሽው፤

የላክሽውን ደብዳቤ እንደ አዲስ የተወለደ ሕፃን ገልብጬ ገልብጬ አይቼዋለሁ። ሠላሳ ዓመት የሰው ጽሑፍ የተየብኩ ሰው ነኝ፣ እጅ አውቃለሁ። ሌላው መስመር ሁሉ ይሮጣል። "አክስቴ" የሚለው ላይ ሲደርስ እስክርቢቶሽ ቆሟል፣ ቀለሙ ወፍሯል። ውሸት የሚጽፍ ሰው እዚያ ላይ አይቆምም፤ እዚያ ላይ ነው የሚቸኩለው።

ቢሆንም ያላየሁትን አላስመዘግብም። አቶ ዘነበን "የእህት ልጅ፣ ሄርሜላ" የሚለውን በእርሳስ አስጽፌዋለሁ። በሐምሌ ፈቃድሽ ነይ። ላጲሱም እስክርቢቶውም እኔ ዘንድ ነው።

ጽጌማርያም